የኦሽን ቢች የሞገድና የአየር ሁኔታ ትንበያ

ኦሽን ቢች በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍላገር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምዕራባዊ ጠርዝ የሚገኝ የአሸዋ ዳርቻ ነው። ስሙ በቀጥታ «የውቅያኖስ ዳርቻ» ማለት ነው። ርዝመቱ 5.6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰሜን በገደል አፋፍ ላይ ከተሠራው ከክሊፍ ሃውስ ሕንጻ ሥር ጀምሮ በደቡብ እስከ ፎርት ፈንስተን ገደሎች ይዘልቃል። የጎልደን ጌት ብሔራዊ መዝናኛ ሥፍራ አካል ስለሆነ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው።

ዳርቻው ለፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙሉ በሙሉ የተጋለጠ ነው። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚገኙት ትንንሽ የፋራሎን ደሴቶች በቀር፣ በእሱና በጃፓን መካከል ሞገድ የሚያስቆም የብስ በቀጥታ መስመር ላይ የለም። ስለዚህ የዚህ ዳርቻ ትንበያ በሰርፈሮች ብቻ ሳይሆን በዓሣ አጥማጆች፣ በነፍስ አድን ሠራተኞችና አሸዋው ላይ ልጆቻቸውን ሊያጫውቱ በሚመጡ ወላጆችም ይታያል። ትንበያው በርካታ ቁጥሮችን ይይዛል፤ የሞገዱን ቁመት ብቻ አይቶ ሌሎቹን መዝለል ግን ሰውን ለሞት ሊያበቃ የሚችል ስህተት ነው።

ሞገዱ ከየት ይመጣል

ጣና ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ሞገድንና ነፋስን ለይቶ አያስባቸውም። ነፋስ ሲነሳ ውኃው ይናወጣል፤ ነፋሱ ሲያቆም ውኃውም ብዙም ሳይቆይ ይተኛል። የጣና ርዝመት 84 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ሞገዱን እየገፋ የሚያሳድግበት ሜዳ አጭር ነው፤ ሞገዶቹም በጥቂት ሰከንድ ልዩነት የሚከታተሉ አጫጭር ሞገዶች ናቸው።

በኦሽን ቢች ግን ፍጹም ነፋስ በሌለበት፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጥ ሞገድ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሞገድ የተወለደው ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት በአሉሺያን ደሴቶች ወይም በጃፓን አቅጣጫ በነበረ ማዕበል ውስጥ ነው። ከተወለደበት ማዕበል ወጥቶ በራሱ የሚጓዝ እንዲህ ያለ ሞገድ ስዌል ይባላል።

የስዌል ዋና መለያው ፔርየዱ ነው። ፔርየድ ማለት አንድ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪያልፍ የሚቆጠረው ሰከንድ ነው። በጥልቅ ውኃ የሞገድ ርዝመት በሜትር ሲለካ 1.56 በፔርየዱ ስኩዌር ተባዝቶ ይገኛል። የ8 ሰከንድ ሞገድ 100 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የ16 ሰከንዱ ግን 400 ሜትር ያህል ነው። ፔርየዱ በእጥፍ ሲጨምር ርዝመቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ፍጥነቱም ከፔርየዱ ጋር ይጨምራል። የሞገዱ ጉልበት በጥልቅ ውኃ የሚጓዘው በሰከንድ 0.78 ሜትር በፔርየዱ ተባዝቶ በሚገኘው ፍጥነት ነው። ስለዚህ የ16 ሰከንድ ስዌል በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ የ11 ሰከንዱ ደግሞ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ማዕበሉ 3000 ኪሎ ሜትር ርቆ ከነበረ፣ የመጀመሪያው ሦስት ቀን ሳይሞላው ሲደርስ ሁለተኛው አራት ቀን ይፈጅበታል። ከዚህ የተነሣ አዲስ ስዌል ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታዩት ቁመታቸው ትንሽ፣ ፔርየዳቸው ግን ረጅም የሆኑ ሞገዶች ናቸው። በባሕር ላይ ባለው መለኪያ ግማሽ ሜትር የማይሞላ የ20 ሰከንድ ሞገድ መታየት ሲጀምር፣ ልምድ ያለው አንባቢ ትልቁ ገና መንገድ ላይ መሆኑን ያውቃል።

የሞገድ ትንበያ ታሪክ

ሞገድን በስሌት መተንበይ የተጀመረው ለመዝናኛ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተባበሩት ኃይሎች ወታደሮችን በጀልባ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲያወርዱ ትልቅ ሞገድ ጀልባዎቹን ይገለብጥ ነበር። በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኖርዌያዊው ሃራልድ ስቨርድሩፕና በኦስትሪያ የተወለደው ተማሪው ዋልተር ሙንክ ከነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ ከቆየበት ጊዜና ከሸፈነው ርቀት ተነሥተው የሞገዱን ቁመትና ፔርየድ የሚገምቱበትን ዘዴ ቀመሩ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በጁን 1944 ለተደረገው የኖርማንዲ ማረፍም አገልግሏል።

ሙንክ ከጦርነቱ በኋላም ሥራውን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1963 ከባልደረቦቹ ጋር ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ በተዘረጉ ጣቢያዎች መለኪያ አስቀምጦ፣ በደቡባዊው ውቅያኖስ ከተነሡ ማዕበሎች የወጡ ስዌሎች ምድር ወገብን ተሻግረው እስከ አላስካ እንደሚደርሱ አሳየ። በሚደርሱት ሞገዶች የፔርየድ ልዩነት ብቻ ማዕበሉ ምን ያህል ርቆና መቼ እንደነበረ ወደ ኋላ ማስላት ተችሏል። ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ከደቡብ ወደ ኦሽን ቢች የሚመጡት ዝቅ ያሉ፣ ረጅም ፔርየድ ያላቸው ስዌሎች የዚሁ ዓይነት ናቸው።

ኮምፒዩተሩ ምን ያሰላል

ዛሬ በብዙ ድረ ገጾችና የስልክ መተግበሪያዎች ላይ የሚታየው የሞገድ ትንበያ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሞዴሎች የተቀዳ ነው። ከእነሱ አንዱ በአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖአ) የሚሠራበት ዌቭዋች 3 ነው። ከእ.ኤ.አ. ማርች 2021 ጀምሮ ይህ የሞገድ ሞዴል ከተቋሙ ዓለም አቀፍ የአየር ትንበያ ሞዴል ጋር ተጣምሮ በቀን አራት ጊዜ ይሠራል፤ ትንበያውም እስከ 16 ቀን ይዘልቃል።

ሞዴሉ እያንዳንዱን ሞገድ አይከታተልም፤ ያ ለማንኛውም ኮምፒዩተር የማይቻል ነው። ውቅያኖሱን በመረብ ዓይኖች ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ዓይን አንድ ሠንጠረዥ ይይዛል። የሠንጠረዡ ረድፎች አቅጣጫዎች፣ ዓምዶቹ ደግሞ ፔርየዶች ናቸው እንበል፤ በየሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር በዚያ አቅጣጫ፣ በዚያ ፔርየድ የሚጓዘው ጉልበት ነው። በየደረጃው ሞዴሉ ነፋሱ የጨመረውን ይደምራል፣ ሞገዱ አረፋ ሆኖ ሲሰበር የጠፋውን ይቀንሳል፣ ሞገዶች እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን ያዘዋውራል፣ የቀረውን ወደ ጎረቤት ዓይን ያሻግራል። ፕሮግራም ለተማረ ሰው ይህ በመሠረቱ ትልቅ ባለ ብዙ ገጽታ አሬይ በሉፕ ማደስ ነው፤ ከባዱ ነገር በሉፑ ውስጥ ያለው ፊዚክስ ነው።

የሞዴሉ ውጤት በተንሳፋፊ መለኪያዎች ይመዘናል። ለኦሽን ቢች ዋናው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተተከለው ቁጥር 46026 ቡይ ነው። ከእሱ ይልቅ ወደ የብስ የቀረበው ቁጥር 46237 ደግሞ በጎልደን ጌት ሰርጥ አፍ ካለው ጥልቀት የሌለው የአሸዋ ቁልል አጠገብ ይንሳፈፋል። ረጅም ፔርየድ ያለው ስዌል 46026ን ካለፈ በኋላ ወደ ዳርቻው ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ቤቱ ቡና እየጠጣ የቡዩን ቁጥር የሚያይ ሰርፈር፣ በመኪና ሲደርስ የሚያገኘውን ሞገድ እያየ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ሰዓቱ አንድ ማሳሰቢያ፦ ሞዴሎቹ የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው። 12:00 ዩቲሲ በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ በሳን ፍራንሲስኮ እንደ ወቅቱ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ይህን የዘነጋ አንባቢ ሞገዱን በግማሽ ቀን ሊስተው ይችላል።

የመጪዎቹን ቀናት ትንበያ ማንበብ

ትንበያው ለነገ «2 ሜትር፣ 16 ሰከንድ፣ 285 ዲግሪ፤ ነፋስ ከምሥራቅ 5 ኖት» ይላል እንበል።

2 ሜትር የሚለው ጉልህ የሞገድ ቁመት የሚባለው ነው። ይህም ከሚያልፉት ሞገዶች ከፍተኛ የሆኑት አንድ ሦስተኛዎቹ አማካይ ቁመት ማለት ነው። የሁሉም ሞገድ ጣሪያ አይደለም። በሞገድ ስታቲስቲክስ መሠረት ከ3000 ሞገዶች አንዱ ያህል የዚህን ቁጥር እጥፍ ያልፋል። በ16 ሰከንድ ፔርየድ 3000 ሞገድ ለማለፍ 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ «2 ሜትር» በተባለበት ቀን ከባሕሩ ላይ 4 ሜትር የሚደርስ አንድ ሞገድ ማለፉ የሚጠበቅ እንጂ ተአምር አይደለም።

ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። 2 ሜትር ቁመትና 8 ሰከንድ ፔርየድ ያለው ሞገድ ወደ ጥልቀት አልባው ውኃ ሲገባ ተጨናንቆ ከፍ ይልና በ2.5 ሜትር ገደማ ይሰበራል። ቁመቱ ያው 2 ሜትር፣ ፔርየዱ ግን 16 ሰከንድ የሆነው ግን ከ3 ሜትር በላይ ሆኖ ይሰበራል። በአንድ ሜትር የሞገድ ግንባር የሚሸከመውም ጉልበት እጥፍ ነው። «ትናንትም 2 ሜትር ነበር፣ ዛሬም 2 ሜትር ነው» ብሎ ወደ ውኃው የሚገባ ሰው ያላየው ይህንን ነው።

አቅጣጫው የሚነገረው ሞገዱ ከሚመጣበት ወገን ነው፤ ለነፋስም እንዲሁ። 285 ዲግሪ ከምዕራብ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ማለት ስለሆነ ሞገዱ በፊት ለፊት ይገባል። ከሰሜን-ምዕራብ በኩል የሚመጣውን ግን ወደ ባሕሩ የገባው የፖይንት ሬይስ ምድር በከፊል ይጋርደዋል። ይሁንና የ16 ሰከንድ ሞገድ ከ200 ሜትር ጥልቀት ጀምሮ የባሕሩን ወለል ስለሚሰማው እየታጠፈ ይመጣል። በጎልደን ጌት አፍ ያለው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የአሸዋ ቁልልም ሞገዱን እንደ መነጽር አጥፎ አንዱን የዳርቻ ክፍል ሲያጠነክር ሌላውን ያቀለዋል። በዚህ የተነሣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የዳርቻው ሰሜናዊ ጫፍ ልከኛ፣ መካከሉ ደግሞ ማንም የማይደፍረው ሊሆን ይችላል።

በኢንተርኔት የሚነገሩ ቁመቶች ሁሉ አንድ ዓይነት መለኪያ አለመሆናቸውም ሊታወቅ ይገባል። አንዳንዱ የባሕሩን፣ አንዳንዱ የሚሰበረውን ሞገድ ፊት ይናገራል። በሃዋይ ልማድ የሚለኩ ሰርፈሮች ደግሞ የፊቱን ግማሽ ያህል ብቻ ይጠራሉ፤ ከጉራ የመጣ ትሕትና ይመስላል።

እምነቱ በቀኖቹ ቁጥር ይቀንሳል። ለመጪዎቹ ሦስት ቀናት የሚነገረው ስዌል አብዛኛውን ጊዜ አሁን በባሕር ላይ ያለ፣ ተወልዶ በመጓዝ ላይ የሚገኝ ሞገድ ነው። ለአሥረኛው ቀን የሚነገረው ግን ገና ካልተፈጠረ ማዕበል የሚጠበቅ ነው። ነፋሱ ከስዌሉ ይልቅ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ከአንድና ሁለት ቀን በላይ የነፋስን ሰዓት በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል።

ነፋስ፣ ጉምና ወቅት

ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ቀላል ነፋስ የሚመጣውን ሞገድ ፊት ያቃናል፤ ለሰርፊንግ የሚወደደው ይህ ነው። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው ደግሞ ሞገዱን ያፈርሰዋል።

ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ጊዜ ለመጥራት ክረምትም በጋም የሚለው የእኛ ቃል በትክክል አይገጥምም፤ ዝናብ የለም፣ ሙቀትም የለም። በሰሜን ፓሲፊክ የሚቀመጠው ከፍተኛ የአየር ግፊትና ከተራሮቹ ማዶ ያለው የሴንትራል ቫሊ ሙቀት ተጋግዘው ከሰዓት በኋላ ጠንካራ የሰሜን-ምዕራብ ነፋስ ይስባሉ። ይህ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው ስለሚያርቅ ቀዝቃዛ ውኃ ከታች ይወጣል። እርጥብ አየር በዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያልፍ ከተማዋ የምትታወቅበት ጉም ይፈጠራል። ካሊፎርኒያ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚታያቸው እንግዶች በጁላይ ቁምጣ ለብሰው መጥተው ጃኬት ሲፈልጉ ማየት የተለመደ ነው። የባሕሩ ሙቀት በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሰርፈሮች ወፍራም የጎማ ልብስ የሚለብሱት ለዚህ ነው። በዚህ ልብስ ስሙ የታወቀው ጃክ ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1952 የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው በዚሁ ዳርቻ አጠገብ ነበር።

ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ከሁሉ የተሻሉ ወራት ናቸው፤ ጉሙ ይሳሳል፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣል፣ የሰሜኑም ስዌል ይጀምራል። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ትላልቆቹ ማዕበሎች ይደርሳሉ። ከማርች በኋላ ነፋሱ እንደገና ይነግሣል።

የባሕሩ ሙላትና ሽሽት

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሁለቱ ሙላቶች ግን እኩል አይደሉም። ይህ ከትንበያው ሁሉ እርግጠኛው ክፍል ነው፤ ከጨረቃና ከፀሐይ አቀማመጥ ስለሚሰላ ለዓመታት ወደፊት ይታወቃል። በጎልደን ጌት ያለው የባሕር ከፍታ መለኪያ ከእ.ኤ.አ. 1854 ጀምሮ ሳይቋረጥ እየተመዘገበ ነው።

በእያንዳንዱ ሽሽት 2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በጠባቡ ሰርጥ ይወጣል። ይህ ፍሰት ከሚመጣው ስዌል ጋር ሲጋጭ ሞገዱ ይቆምና ይሾላል፤ በተለይ በሰርጡ አፍ ለትንንሽ ጀልባዎች አደገኛ ነው። በዳርቻው ላይ ደግሞ ውኃው ሲጎድል ሞገዱ ርቀው ባሉት የአሸዋ ጉብታዎች ላይ ይሰበራል፤ ሲሞላ ወደ አሸዋው ተጠግቶ ይወድቃል። ጉብታዎቹ ከማዕበል ወደ ማዕበል ቦታቸውን ስለሚቀያይሩ የትኛውም ሞዴል ዛሬ ያሉበትን አያውቅም። ይህንን ለማወቅ ያለው መንገድ ሄዶ ማየት ነው።

አደጋና ማስጠንቀቂያ

በኦሽን ቢች ዋናተኞችና እግራቸውን ብቻ ሊነክሩ የገቡ ሰዎች ሰምጠዋል፤ በዳርቻው የቆሙት ምልክቶችም ይህንኑ ይናገራሉ። ሁለት ነገሮች ይለያሉ።

አንደኛው ጎታች ጅረት ነው። በሞገዱ ወደ ዳር የተገፋው ውኃ በጉብታዎቹ መካከል ባለ ክፍተት ተሰብስቦ ወደ ባሕር ይመለሳል። ፍጥነቱ በሰከንድ 2.4 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ይህን የኦሎምፒክ ዋናተኛም አይቀድመውም። ጅረቱ ያለበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስለው ነው፤ የማያውቅ ሰው «እዚህ ይሻላል» ብሎ የሚመርጠውም እሱኑ ነው። ጅረቱ ወደ ታች አያሰምጥም፣ ወደ ውጭ ይወስዳል። የተያዘ ሰው ከጅረቱ ጋር ሳይታገል መንሳፈፍ፣ እርዳታ ለመጥራት እጁን ማንሣት፣ ከቻለም ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ ከወጣ በኋላ ወደ የብስ መመለስ አለበት።

ሁለተኛው ድንገተኛ ሞገድ ነው። ረጅም ፔርየድ ያለው ስዌል በቡድን በቡድን ይመጣል፤ በሁለት ቡድኖች መካከል ባሕሩ ለብዙ ደቂቃ ሊተኛ ይችላል። በዚያ ዝምታ ወደ ውኃው የተጠጋ ቤተሰብ ላይ ቀጣዩ ቡድን ሲደርስ ውኃው ደረቅ የነበረውን አሸዋ አልፎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ወደ ዳር ከመጠጋት በፊት ባሕሩን ለ20 ደቂቃ ያህል ቆሞ መመልከትና ጀርባን ለባሕር አለመስጠት የሚመከረው። በባሕረ ሰላጤው ማዶ በኦክላንድና ወደ ደቡብ በሳን ሆዜ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። ከደጋ አገር ለመጣና ሐይቅ ብቻ ለሚያውቅ ወላጅ ከትንበያው ሁሉ ይህኛው ክፍል ሳይበልጥበት አይቀርም፦ ነፋስ የሌለበት ብሩህ ቀን ባሕሩ ሰላም ነው ማለት አይደለም።

ለአካባቢው ይፋ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው በሞንተሬይ የሚገኘው የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ቢሮ ነው። ማስጠንቀቂያው ደረጃ አለው፦ የዳርቻ አደጋ መግለጫ ለጎታች ጅረትና ለድንገተኛ ሞገድ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ የከፍተኛ ሞገድ ማሳሰቢያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የከፍተኛ ሞገድ ማስጠንቀቂያ አለ። የመጀመሪያው ደረጃ «ቀላል» ቢመስልም የሚወጣው ብዙ ጊዜ አየሩ ባማረበትና ዳርቻው በሰው በተሞላበት ቀን ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2024 ከፍተኛ ሞገድ በካሊፎርኒያ ዳርቻ ሲደርስ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ ባለችው ሳንታ ክሩዝ በጥገና ላይ የነበረው የወደቡ መድረክ ጫፍ ፈርሶ ባሕር ውስጥ ገብቷል።

የ2011 ውድድር

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 የዓለም የሰርፊንግ ሻምፒዮና አንድ ዙር በኦሽን ቢች ተካሂዶ፣ ኬሊ ስሌተር 11ኛ የዓለም ዋንጫውን ያገኘው በዚያ ነው። ዋንጫውም የተሰጠው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። አዘጋጁ ማኅበር አሸንፏል ካለ በኋላ የነጥቡ ስሌት የተሳሳተ መሆኑ ታወቀ፤ ስሌተር ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ተጨማሪ ግጥሚያ አሸንፎ ማዕረጉን በትክክል አረጋገጠ። ለሞገዱ ትንበያ ሱፐር ኮምፒዩተር ሲሠራ የተሳሳተው ቀላሉ የመደመር ሥራ ነበር።

አሸዋውና መንገዱ

ነፋሱ ሞገዱን ብቻ ሳይሆን አሸዋውንም ያንቀሳቅሳል። ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን የሚሄደው ግሬት ሃይዌይ የተባለው ጎዳና በነፋስ በተከመረ አሸዋ ምክንያት በተደጋጋሚ ይዘጋ ነበር። በደቡቡ ጫፍ፣ በስሎት ጎዳና አካባቢ፣ የትላልቅ ማዕበሎች ሞገድ አፋፉን እየበላ ይገኛል። በእ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 የከተማዋ ሕዝብ በሰጠው ድምፅ ከጎዳናው ዋናው ክፍል ለመኪና ተዘግቶ፣ በኤፕሪል 2025 ሰንሴት ዱንስ የተባለ መናፈሻ ሆኗል። አሁን በዚያ የሚያልፉት እግረኞችና ብስክሌተኞች ናቸው፤ አሸዋው ግን እንደ ቀድሞው መንገዱን ያቋርጣል።